የቅድመ አያት ስም በየትኛው መደርደሪያ ላይ አለ?

የስኮትላንድ ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉባቸው የኦንላይን ካታሎጎች እንዴት ይሠራሉ? ለእኛስ ቤት ምን ያስተምራሉ?

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ፣ ፕሪንሰስ ስትሪት የሚባለው የገበያ ጎዳና በምሥራቅ በኩል በሚያልቅበት ቦታ ጉልላት ያለው ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ስሙ ጄኔራል ሬጅስተር ሃውስ ይባላል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1774 ሲሆን ንድፉን ያወጣው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አርክቴክት ሮበርት አዳም ነው። ሕንፃው ቤተ መንግሥትም ካቴድራልም አይደለም። ከመጀመሪያው የታሰበው የአገሪቱን መዛግብት ለማስቀመጥ ነበር፤ ዛሬም የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ የተሰደዱ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ቀደም ባለው ጊዜ ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዱ ሥሩን ማወቅ ከፈለገ ኤድንብራ ድረስ መጓዝ፣ ያለዚያም ገንዘብ ከፍሎ በእርሱ ፈንታ የሚፈልግለት ሰው መቅጠር ነበረበት። ዛሬ ፍለጋው የሚጀመረው ከሳሎን ሶፋ ላይ፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሁለት ሦስት ቀን ሞክረው «ምንም የለም» ብለው ይተዉታል። አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ ጠፍቶ አይደለም። ካታሎግ የሚባለው ነገር ምን እንደሚነግር፣ ምን እንደማይነግር ሳይለዩ ስለሚገቡበት ነው።

ስም ዝርዝርና ካታሎግ ለየቅል ናቸው

የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በአሁኑ አደረጃጀቱ የተቋቋመው በ2011 ሲሆን፣ ቤተሰብ ፈላጊዎች በዋናነት የሚጠቀሙባቸው ሁለት የኦንላይን አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው ስኮትላንድስ ፒፕል ይባላል። በዚህ ላይ የሚፈለገው በሰው ስም ነው፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ ኑዛዜና የመሳሰሉት እዚያ ይገኛሉ። ተመዝግቦ ስም መፈለግ በነፃ ነው። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ከፍቶ ለማየት ግን በአብዛኛው አነስተኛ ክፍያ ይጠየቃል።

ሁለተኛው የቤተ መዛግብቱ ካታሎግ ነው። ካታሎጉ ሰነዱን ራሱን ሳይሆን ሰነዱ ምን እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ያሳያል። የአንድ ትልቅ መጋዘን የዕቃ ዝርዝር ነው ብለን ልናስበው እንችላለን። ዝርዝሩ «በዚህ ክፍል፣ በዚህ መደርደሪያ፣ በዚህ ሳጥን ውስጥ ከዚህ እስከዚህ ዓመት ያለው የእገሌ አጥቢያ ቃለ ጉባኤ ይገኛል» ይላል፤ በቃለ ጉባኤው ውስጥ ስማቸው የተጻፈውን ሰዎች ግን አይዘረዝርም።

እያንዳንዱ ሰነድ መለያ ኮድ አለው። ኮዱ በፊደል ይጀምርና በቁጥር ይከተላል። «ሲኤች 2» ብሎ የሚጀምር ሁሉ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የጉባኤ መዝገብ ነው። «ኤስሲ» የአውራጃ ፍርድ ቤቶችን ያመለክታል። «ጂዲ» ከመሳፍንትና ከባለ ርስት ቤተሰቦች፣ ከኩባንያዎችና ከማኅበራት በስጦታ ወይም በአደራ የገቡ ወረቀቶች ናቸው። «አርኤችፒ» ደግሞ ካርታና ፕላን ነው። እነዚህን አራት ኮዶች ብቻ ያወቀ ሰው በካታሎጉ ውስጥ ያለ መሪ መንቀሳቀስ ይችላል።

1855 የሚባለው ዓመት

በስኮትላንድ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሕግ ግዴታ የሆነው ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ ነው። ይህን ቀን ማንኛውም የስኮትላንድ ዘር ፈላጊ በቃሉ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ጥርጊያ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት ነውና።

ጥርጊያ የሆነበትም ምክንያት አለ። የስኮትላንድ የሞት ምዝገባ የሟቹን አባትና እናት ስም፣ የእናቲቱንም የትውልድ ቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በጎረቤት አገር በእንግሊዝ በዚያ ዘመን የአንድ ጎልማሳ ሞት ሲመዘገብ የወላጆቹ ስም አይጻፍም ነበር። የስኮትላንድ የጋብቻ ምዝገባም የሙሽራውንና የሙሽራይቱን አራቱንም ወላጆች ይዘረዝራል። ስለዚህ በ1860 በሰባ ዓመታቸው ያረፉ አንዲት ሴት የሞት ምዝገባ ከተገኘ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ወላጆቻቸው ስም አብሮ ሊገኝ ይችላል። ከአንድ ገጽ ወረቀት ሁለት ትውልድ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት የ1855 ምዝገባ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። የልደት ምዝገባው የወላጆቹን ዕድሜ፣ የተወለዱበትን ቦታ፣ መቼና የት እንደተጋቡ፣ ከዚያ በፊት ስንት ልጆች እንደወለዱ ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። ሥራው ለመዝጋቢዎቹ ስለከበዳቸው በዓመቱ ብዙው ጥያቄ ቀረ። የወላጆች የጋብቻ ቀንና ቦታ ብቻ በ1861 ተመልሶ ገባ። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች ቅድመ አያታቸው በ1855 ባይወለዱም እንኳ በዚያ ዓመት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ይኖራቸው እንደሆነ ሳያዩ አያልፉም።

ቆጠራው ደግሞ ቤተሰቡን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ ያሳያል። ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተካሄደው ቆጠራ እስከ 1921 ያለው ለሕዝብ ተከፍቷል፤ አንድ ቆጠራ የሚከፈተው መቶ ዓመት ሲሞላው ነው። የ1841ዱን የሚያነብ ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት። በዚያ ቆጠራ የአዋቂዎች ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋ ታዝዞ ስለነበር «35» ተብሎ የተጻፈው ሰው 39 ሊሆን ይችላል። በቤቱ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ምን እንደሚዛመዱም አይናገርም።

የስሙ ነገር

የስኮትላንድን መዝገብ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ከእንግሊዛዊ ይልቅ የሚቀለው ነገር አለ። የስኮትላንድ ሴት ስታገባ የአባቷ ቤት ስም በሕግ ፊት አይጠፋም። በብዙ መዛግብትና በመቃብር ድንጋይ ላይ የምትጠራው በትውልድ ስሟ ነው፤ የሞት ምዝገባ ዝርዝር ውስጥም በሁለቱም ስሞች ትፈለጋለች። እናቶቻችን አግብተውም በአባታቸው ስም እንደሚጠሩት ማለት ነው።

በሰሜን ጫፍ ባሉት የሸትላንድ ደሴቶች ደግሞ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙ ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። የማግነስ ልጅ አንድሩ «ማግነሰን» ይባላል፤ የአንድሩ ልጅ ግን «አንድሩሰን» ነው። ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። ይህ ለካናዳዊ ፈላጊ ራስ የሚያዞር እንቆቅልሽ ነው፤ ለእኛ ግን የየቀኑ ኑሯችን ነው። ጌሊክ በሚናገረው የሃይላንድ ተራራማ አገርም ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየደረደረ መቁጠሩ የታወቀ ልማድ ነበር። ሰባት ቤት መቁጠርን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በሌላ በኩል የሚያስቸግር ልማድ አለ። በብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር። ሴቶቹም እንዲሁ፤ የመጀመሪያዋ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት ስም። ልማዱ ለፈላጊው የአያትን ስም ይጠቁመዋል። ነገር ግን አራት ወንድማማቾች የመጀመሪያ ልጃቸውን በአንድ አያት ስም ሲሰይሙ በአንድ መንደር ውስጥ ዕድሜያቸው የተቀራረበ፣ ስማቸው አንድ የሆነ አራት የአጎት ልጆች ይፈጠራሉ። የራስን ሰው ከሌላው የሚለዩት በእናት ስም፣ በሥራና በመኖሪያ ቦታ ነው።

የፊደል አጻጻፉም አይታመንም። መዝጋቢው የሰማውን ነበር የሚጽፈው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በፓስፖርቶቻችን ላይ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በስኮትላንድም በ«ማክ» የሚጀምር ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛልና በአንዱ ሲጠፋ በሌላው መሞከር ግድ ነው።

ከ1855 ወዲያ

ከዚያ ዓመት በፊት ያለው መረጃ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ያለ ነው። ከሁሉም የሚቀድመው በፐርዝሻየር ያለችው የኤረል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን ከ1553 ይጀምራል። ሌሎቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ አጥቢያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሌላው በመሃል ሃያ ዓመት ይዘላል። ቀብር የሚመዘግበው ጥቂቱ ነው።

ክፍተቱን ያሰፉ ምክንያቶችም ይታወቃሉ። መንግሥት ከ1783 እስከ 1794 ለእያንዳንዱ ምዝገባ ሦስት ሳንቲም ቀረጥ ሲጥል ብዙ ድሃ ወላጆች ልጃቸውን ሳያስመዘግቡ ቀሩ። በ1843 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሁለት ስትከፈል ነፃ ቤተ ክርስቲያን ብለው የወጡት ምእመናን ልጆች በቀድሞው አጥቢያ መዝገብ ላይ አይገኙም። ስም ዝርዝሩ ላይ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ ወደ ካታሎጉ የሚኬደው ይኼኔ ነው።

ካታሎጉ አያትዎን አያውቃቸውም

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቅድመ አያታቸውን ስም በካታሎጉ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ይጽፉና ባዶ ገጽ ይመጣላቸዋል። ቅድመ አያታቸው ድሃ ገበሬ ወይም የቤት ሠራተኛ ከነበሩ ካታሎጉ በስማቸው አያውቃቸውም። የኖሩበትን መንደር፣ የተቀመጡበትን መሬት ባለቤት፣ የጸለዩበትን አጥቢያ ግን ያውቃል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እርሳቸውን የሚያውቅ ማን ነበር? ያስ ሰው ምን ይጽፍ ነበር?» ተብሎ ነው።

የመጀመሪያው መልስ አጥቢያው ነው። የቄሱና የሽማግሌዎቹ ጉባኤ የምእመናኑን ጠብ ይዳኛል፣ ለድሆች ገንዘብ ያከፋፍላል፣ ወደ ሌላ አጥቢያ ለሚሄድ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ይህን ሁሉ ይመዘግባል። እነዚህ ቃለ ጉባኤዎች በብዛት ፎቶ ተነሥተው በስኮትላንድስ ፒፕል ላይ በነፃ ይነበባሉ። የስም ዝርዝር ስለሌላቸው ግን ገጽ በገጽ መግለጥን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው የመሬቱ ጌታ ነው። በ«ጂዲ» ኮድ ሥር ካሉት ታላላቅ ስብስቦች አንዱ የብሬዳልቤን መሳፍንት ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ጂዲ 112። በእንዲህ ያለው ስብስብ ውስጥ የጭሰኞች ዝርዝር፣ የግብር መዝገብና የአቤቱታ ደብዳቤ ይገኛል። የልደት መዝገቡ የጠፋ ገበሬ በግብር ዝርዝር ላይ በየዓመቱ ስሙ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ወረቀታቸውን ዛሬም በቤታቸው ያስቀመጡ ቤተሰቦችን በተመለከተ ከ1946 ጀምሮ ምን በማን እጅ እንዳለ የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ አለ።

ሦስተኛው ችግር ሲመጣ የሚጽፈው ነው። ከ1845ቱ የድሆች ሕግ በኋላ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ይመረመር ነበር። የትኛው አጥቢያ ሊረዳው እንደሚገባ ለመለየት የት እንደተወለደ፣ የት የት እንደኖረ፣ ማንን እንዳገባ፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ይጠየቃል። በሚቸል ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የግላስጎ ከተማ ቤተ መዛግብት በእነዚህ ማመልከቻዎች የታወቀ ነው። ከሀብታም ይልቅ የድሃው ታሪክ በዝርዝር የተጻፈበት ያልተጠበቀ ቦታ ነው።

አራተኛው ስደቱን ያደራጀው ነው። ከ1852 እስከ 1857 የሃይላንድና የደሴቶች የስደት ማኅበር ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ አሳፍሯል። «ኤችዲ 4» በሚለው ኮድ ሥር የተሳፋሪዎቹ ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያና መርከብ ይገኛል። ዛሬ በሜልበርን የሚኖር ቤተሰብ የመጣበትን መንደር የሚያውቀው ከዚህ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። መንደሩን ካወቀ በኋላ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ካቀረባቸው ከ200 ሺህ በላይ ካርታዎች መካከል የዚያን ዘመኑን ከፍቶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይችላል።

የተገኘው ሁሉ ደስ አያሰኝም

ወረቀት ይሉኝታ የለውም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ሲመዘገብ አባትየው ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ ስሙ አይጻፍም ነበር። እናቲቱ ፍርድ ቤት ከስሳ ካሸነፈች ግን ውሳኔው በእርማት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ወጣቷ በሽማግሌዎች ፊት ቆማ «አባቱ ማን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ፣ የሰጠችው መልስና የተወሰነባት ቅጣት ተጽፎ ይገኛል። አያታቸው «እህቴ» እያሉ ያሳደጓት ሴት ልጃቸው እንደነበረች በዚህ መንገድ የሚያውቁ ቤተሰቦች አሉ።

ስለዚህም በሕይወት ያሉትን ሰዎች ለመጠበቅ ገደብ ተደርጓል። መቶ ዓመት ያልሞላው የልደት፣ ሰባ አምስት ዓመት ያልሞላው የጋብቻ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው የሞት መዝገብ ፎቶ በኢንተርኔት አይታይም። ከሕጉ ሌላ የቤተሰብ ጨዋነትም ያስፈልጋል። አንድ የተደበቀ ነገር ሲገኝ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ከመለጠፍ በፊት ጉዳዩ በቅርብ የሚነካቸውን አዛውንት ለብቻቸው ማነጋገር ይገባል። መስማት የማይፈልጉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እርሱም መብታቸው ነው።

ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በቃል

ኤድንብራ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስኮትላንዳዊ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት የቤተሰብ ሐረግ እንዲሠራ ታዝዞ መጣ። የአባቱን ወገን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ 1841 አደረሱት፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ፣ አድራሻና ዕድሜ በእጃቸው ገባ። የእናቱን ወገን ለመሙላት ወደ አዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። አክስቴ ሰባት ቤት ቆጠሩለት፤ ማን ደግ እንደነበረ፣ ማን ቁጡ እንደነበረ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር ተጣልቶ በማን እንደታረቀ ጭምር። ዓመተ ምሕረት ግን አንድም አልነበረውም።

የልጁ ሥዕል ሁለቱንም ክንፍ ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። በአንዱ ክንፍ ዓመት አለ፣ ጠባይ የለም፤ በሌላው ጠባይ አለ፣ ዓመት የለም። የወረቀቱ ወገን ለሚቀጥለው መቶ ዓመትም መደርደሪያው ላይ ይቆያል። የቃሉ ወገን የተቀመጠው በሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ልብ ውስጥ ብቻ ነው። በአገራችን አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የአያቶቻችንን ስም የሚያወጣልን የ1855 ዓይነት መዝገብ የለም። የምንጀምረው ከሰው ነው።

ወረቀት ወይም ዕቃ መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። ለዚህ ምሳሌው ያው ኤድንብራ ነው። በመቅደላ ዘመቻ የተወሰደ አንድ ታቦት በከተማዋ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሮ፣ ምንነቱን የሚያውቅ ካህን ያገኘው በ2001 ነበር። በማግሥቱ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በዚያች ከተማ ነበረ፤ መኖሩን የሚያውቅ ግን አልነበረም። በየቤታችን ሻንጣ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች፣ የጋብቻ ውሎችና ደብዳቤዎችም ምን እንደሆኑ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ዕጣቸው ይኸው ነው።

ለመጀመር የሚረዱ ነጥቦች

የስኮትላንድ ዘመድ፣ አማች ወይም የልጅ ልጅ ላላቸው፦

• ከሚያውቁት ሰው ይጀምሩ፤ ከራስዎ ወደ ኋላ አንድ ትውልድ በአንድ ጊዜ ይሂዱ። ከታዋቂ ሰው ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ያሳስታል።
• መጀመሪያ የሞት ምዝገባን ይፈልጉ፤ ወላጆችን የሚያሳየው እርሱ ነው።
• ስም ሲጠፋ ቦታ ይፈልጉ። የአጥቢያውን ስም ይዘው ወደ ካታሎጉ ይግቡ።
• ያዩትን ሰነድ ኮድ ከነቁጥሩ ይጻፉ፤ ፈልገው ያጡበትንም ጭምር። ያለዚያ በዓመቱ ያንኑ ፍለጋ ይደግሙታል።
• ኤድንብራ ብቻ አይበቃም። እንደ ግላስጎ፣ ኢንቨርነስና ሸትላንድ ያሉት አካባቢዎች የየራሳቸው ቤተ መዛግብት አሏቸው።

ለራሳችን ቤት ደግሞ፦

• አዛውንቱን በስልክዎ ይቅዱ። ቅጂው መጀመሪያ ላይ የተናጋሪውን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በድምፅ ይናገሩ።
• ዓመቱ ሲጠፋ በታወቀ ነገር ያስታውሷቸው፦ «ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር?» «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?»
• የሴቶቹን ወገን አይዝለሉ። የእናትን እናት ስም ካልጠየቁ የሚነግርዎ የለም።
• ፎቶዎቹን በጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ይስጧቸው፤ በአንድ ደብተር ላይ ከቁጥሩ ትይዩ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ይጻፉ።
• ደብተሩን ፎቶ አንሥተው ቢያንስ ሌላ ከተማ ለሚኖር አንድ ዘመድ ይላኩ። ቁጥር አንድ ብለው የሚጀምሩበት ጥሩ ጊዜ አዛውንቱ ራሳቸው ቤት ያሉበት የመጪው በዓል ከሰዓት በኋላ ነው።